መዥገር የከብት ጉዳይ ብቻ አይደለም

አንድ ሰው አልላቀቅ ብሎ ሲያስቸግር በአማርኛ “እንደ መዥገር ተጣበቀብኝ” ይባላል። አባባሉን ከወላጆቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል፤ መዥገሩን ራሱን ግን ላታውቁት ትችላላችሁ። መዥገር ደም እየመጠጠ የሚኖር ትንሽ ፍጥረት ነው። ሲያድግ ስምንት እግር ስላለው የቅርብ ዘመዱ ትንኝ ወይም ቁንጫ ሳይሆን ሸረሪት ነው። በእንግሊዝኛ “ቲክ” የሚባለው እሱ ነው።

እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። መዥገር የማየው ትምህርት ሲዘጋ ገጠር ወደሚኖሩት አያቴ ስሄድ ነበር። በላሞቹ ጡት ዙሪያና በጆሯቸው ውስጥ ደም ጠጥቶ የተነፋ፣ ባቄላ የሚያህል መዥገር ተጣብቆ ይታያል። አያቴ እየነቀሉ በድንጋይ ይጨፈልቁት ነበር። ለኢትዮጵያ ገበሬ መዥገር ትልቅ ጠላት ነው። ከብት ያከሳል፣ ወተት ይቀንሳል፣ ቆዳ ያበላሻል፣ ከከብት ወደ ከብትም በሽታ ያስተላልፋል። በእኛ ቤት ግን “መዥገር ሰው ያሳምማል” ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ጉዳዩ የከብት ነበር።

ለማስተርስ ዲግሪ ወደ አሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ስመጣ በዩኒቨርሲቲው አጠገብ ባለ ጫካ መግቢያ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ቆሞ አየሁ። የመዥገር ሥዕል አለበት። ከሥዕሉ ሥር “ከጫካ ስትወጡ ሰውነታችሁን ፈትሹ” የሚል ተጽፏል። በዚያን ጊዜ ገርሞኝ አለፍኩ። ዛሬ ሶፍትዌር መሐንዲስ ሆኜ የምኖረው በቨርጂኒያ ነው፤ እናቴና እህቴም ጎረቤት በሆነችው በሜሪላንድ ይኖራሉ። ያ ማስጠንቀቂያ ምን ማለት እንደሆነ አሁን ቤተሰባችን በሙሉ ያውቃል።

በዚህ ጽሑፍ ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ መዥገር ብዙውን ጊዜ ጊዜ ይሰጠናል። ያንን ጊዜ የሚያሳጡን ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አለማየትና ትክክለኛውን ቃል ማጣት።

እናቶች ያስጀመሩት ምርመራ

በአሜሪካ በመዥገር ከሚተላለፉ በሽታዎች ሁሉ በብዛት የሚገኘው የላይም በሽታ ነው። ስሙን ያገኘው በኮነቲከት ግዛት ካለችው ላይም ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በ1970ዎቹ በዚያ አካባቢ የብዙ ልጆች ጉልበት ያብጥ ጀመር። ሐኪሞች ለየብቻ እያዩ “የልጆች የመገጣጠሚያ በሽታ ነው” ይሉ ነበር። ይህ በሽታ ግን በአንድ ሰፈር ይህን ያህል ልጅ የሚይዝ አይደለም።

ነገሩን አልቀበልም ያሉት እናቶች ናቸው። ፖሊ ሙሬይ የተባለች እናት የራሷንና የቤተሰቧን ሕመም፣ የጎረቤቶቿንም ጭምር፣ ለዓመታት በማስታወሻ ትጽፍ ነበር። በ1975 እሷና ጁዲት ሜንሽ የተባለች ሌላ እናት ጉዳዩን ለጤና ባለሥልጣናት አሳወቁ። ዶክተር አለን ስቲርና ባልደረቦቹ መርምረው በ1977 ባወጡት ጥናት 51 ታማሚዎችን ገለጹ፤ ከእነዚህ ውስጥ 39ኙ ልጆች ነበሩ። ከዚያም በ1981 ዊሊ በርግዶርፈር የተባለ ተመራማሪ ጀርሙን በመዥገር ሆድ ውስጥ አገኘው። ጀርሙ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል።

ይህን ታሪክ የምወድደው ሐኪም ከማወቁ በፊት እናት ስላወቀች ነው። ያወቀችውም አይታ፣ ጽፋና ደጋግማ ስለተናገረች ነው።

ለምን ተስፋፋ?

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) በግምት በዓመት 476,000 ሰዎች ለላይም በሽታ እንደሚታከሙ ይናገራል። በካናዳ በ2009 ሪፖርት የተደረጉት 144 ሰዎች ነበሩ፤ በ2017 ቁጥሩ ከ2,000 አለፈ።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ከ200 ዓመት በፊት የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫካ ለእርሻ ተመንጥሮ ነበር። ገበሬዎቹ መሬቱን እየተዉ ሲሄዱ ዛፉ ተመልሶ በቀለ። ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረው አጋዘንም ተመልሶ በዛ። ከዚያ ሰዎች በጫካው መካከል ቤት ሠሩ። ክረምቱ እየሞቀ ሲመጣ ደግሞ መዥገሩ ድሮ ይኖር ከነበረበት አልፎ ወደ ሰሜን ሄደ።

አጋዘን ትልልቆቹን መዥገሮች ይመግባል፣ ከቦታ ቦታም ይወስዳል። ጀርሙን ለመዥገሩ የሚሰጠው ግን በዋናነት አጋዘን አይደለም፤ ነጭ እግር ያላት ትንሽ የዱር አይጥ ናት። ስለዚህ መዥገር ለማግኘት ትልቅ ጫካ መግባት አያስፈልግም። አይጥ የምትሯሯጥበት የቅጠል ክምርና አጋዘን የሚያልፍበት የጓሮ ጥግ ይበቃል።

ጤፍና ሰሊጥ

የላይምን በሽታ የሚያስተላልፈው ጥቁር እግር ያለው መዥገር ሁለት ዓመት ገደማ ይኖራል። በሕይወቱ ደም የሚመጠው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ እንደተፈለፈለ አንድ ጊዜ፣ ታዳጊ ሲሆን አንድ ጊዜ፣ ሙሉ መዥገር ሲሆን አንድ ጊዜ። ሲፈለፈል የላይም ጀርም የለበትም። በመጀመሪያው ምግቡ ከአይጥ ይወስደዋል፤ በሁለተኛው ምግቡ ለሰው ይሰጣል።

ሰውን ብዙ የሚያሳምመው ታዳጊው መዥገር ነው። መጠኑ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ሙሉው መዥገር ደግሞ ሰሊጥ ያህላል። እናቶቻችሁ ጤፍ ሲያበጥሩ አይታችሁ ከሆነ፣ አንዲት ጥቁር ጤፍ በፀጉር መሀል ወይም ከጉልበት ኋላ ብትገኝ ምን ያህል እንደምትታይ ገምቱ። ታዳጊዎቹ በብዛት የሚወጡት ከሜይ እስከ ጁላይ ነው፤ ልጆች ሣር ላይ የሚውሉበት፣ ቤተሰብ ፓርክ ውስጥ ሥጋ የሚጠብስበት ጊዜ ማለት ነው። ትልልቆቹ በመከርና በጸደይ ይበዛሉ። ቀዝቃዛው ወቅት ላይም ቢሆን አየሩ ሞቅ ያለ ቀን ይወጣሉ።

መዥገር አይዘልም፣ አይበርም፣ ከዛፍ ላይም አይወርድም። ሣር ወይም ቁጥቋጦ ጫፍ ላይ ወጥቶ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ይጠብቃል። የምናወጣውን ትንፋሽና የሰውነታችንን ሙቀት በእግሮቹ ያውቃል። ስናልፍ ይይዘናል፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ሲነክስ አያምም። የሚያሳክክም ላይሆን ይችላል።

የተሰጠን ጊዜ

አሁን ወደ ደጉ ዜና እንምጣ። የላይም ጀርም የሚኖረው በመዥገሩ ሆድ ውስጥ ነው። መዥገሩ ደም መምጠጥ ሲጀምር ጀርሙ ይነቃል፣ ይራባል፣ ከዚያም ወደ ምራቁ ይሄዳል። ይህ ጉዞ ጊዜ ይፈልጋል። መዥገሩ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተነቀለ በላይም የመያዝ ዕድል በጣም ትንሽ ነው።

በእኔ ሙያ በየቀኑ የምናደርገው አንድ ነገር አለ። የጻፍነውን ፕሮግራም በየዕለቱ እንፈትሻለን። የምንፈትሸው ስህተት እንደማይገባ ስላመንን አይደለም፤ ይገባል። ስህተቱ በገባበት ቀን ከተገኘ ለማረም አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ከወር በኋላ ከተገኘ ግን ሳምንት ይፈጃል። መዥገርም እንዲሁ ነው። መዥገር ጨርሶ እንዳይነካን ማድረግ አንችልም፤ በየማታው መፈተሽ ግን እንችላለን።

እርግጥ ሁሉም በሽታ ይህን ያህል ጊዜ አይሰጥም። ፖዋሳን የሚባለው ቫይረስ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሊተላለፍ ይችላል፤ ደግነቱ የሚይዘው ጥቂት ሰው ነው። መዥገሩ ከመንከሱ በፊት መከላከልም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

“ተባይ ነክሶዎት ያውቃል?”

ቃል ማጣት ያልኩትን አሁን ላብራራ። እናቴ በእህቴ ጓሮ ጎመን፣ ቃሪያና ጤና አዳም ተክላለች። ከአጥሩ ወዲያ ጫካ ነው፤ አጋዘኖቹ ጎመኑን ሊበሉ ይመጣሉ። እሷ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብላ ስትኮተኩት ታረፍዳለች።

በጁን መጨረሻ ላይ እናቴ ድካም ድካም አላት። ትኩሳት መጣ፣ አንገቷና መገጣጠሚያዋ አመማት። ከጉልበቷ ኋላ እጅ የሚያህል ጠቆር ያለ ነገር ወጣ። እሷ “ምች ነው” አለች። ምች ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ፣ ፀሐይ ወይም ሽታ መታኝ ሲባል የሚወጣ ሕመም ነው። ለምች ዳማከሴ የሚባል ቅጠል ይታሻል። እናቴም ዳማከሴዋን አሽታ ተቀባች።

ትኩሳቱ ሲብስ እህቴ ወደ ክሊኒክ ወሰደቻት። እዚያ አስተርጓሚ በስልክ ቀረበ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ መዥገር ነክሷት እንደሆነ ጠየቀ። አስተርጓሚው ግን “ተባይ ነክሶዎት ያውቃል?” አለ።

ተባይ ማለት ቅማል፣ ቁንጫ፣ ትኋን ነው። በአማርኛ “ተባይ አለብህ?” ማለት “ንጹሕ አይደለህም” እንደማለት ይቆጠራል። እናቴ ቀና ብላ ተቀመጠችና “ምን ሲደረግ! በእኛ ቤት ተባይ የለም!” አለች። አስተርጓሚው “የለም ትላለች” ብሎ አስተላለፈ። ሐኪሙም በእንግሊዝኛ “አልነከሳትም” ብሎ መዘገበ። ከጉልበቷ ኋላ ያለውን ሲያይ ቀይ አልነበረም። “ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭታ በልዟል” አለና የትኩሳት መድኃኒት ሰጥቶ መለሳት።

ነገሩን የፈታችው የእህቴ ልጅ ናት። ዕድሜዋ 14 ነው። እዚሁ ተወልዳ አማርኛን ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የተማረችው። በዚያው ሰሞን በሄደችበት ካምፕ ስለ መዥገር ተምራ ነበር። አያቷ እግሯን ዘርግታ ስትቀመጥ ጠቆር ያለውን ነገር አየችውና ስልኳ ላይ የመዥገር ፎቶ ከፍታ፦

“እማማ፣ ይሄን የሚመስል ነገር አይተሻል?” ብላ ጠየቀቻት።

“ውይ፣ ይሄማ መዥገር ነው!” አለች እናቴ። “በቀደም ከጉልበቴ ኋላ በጥፍሬ ነቅዬ ጣልኩት። ትንሽዬ ናት፣ የከብት።”

“እማማ፣ እዚህ እኮ ከብት የለም።”

በማግሥቱ እህቴና ልጇ እናቴን ይዘው ወደ ሌላ ሐኪም ሄዱ። ልጅቷ የተነቀለበትን ቀን፣ ጓሮውን፣ አጋዘኖቹን ሁሉ ተናገረች። ሐኪሟ ጠቆር ያለውን ቦታ በጥሩ ብርሃን አይታ ዙሪያውን ለካች። እየሰፋ እንደሆነ ከሰማች በኋላ ደም ሳትመረምር ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ አዘዘችላት። እናቴ መድኃኒቷን ጨርሳ ዳነች፤ ተመልሳም ጎመኗን ትኮተኩታለች።

አስተርጓሚውን ክፉ ሰው ነው ብዬ አላስብም። “መዥገር” የሚለው ቃል በዚያች ደቂቃ አልመጣለትም። የእናቴ ጤና ግን በዚያ አንድ ቃል ላይ ነበር።

በእኛ ቆዳ ላይ

ከተያዙት ሰዎች 70 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት ላይ ሽፍታ ይወጣል። የሚወጣው ከንክሻው በኋላ ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ሲነኩት ሊሞቅ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አያምምም፣ አያሳክክምም።

በመጻሕፍትና በማስታወቂያዎች ላይ ለዓመታት ሲታይ የኖረው ሽፍታ ነጭ ቆዳ ላይ ያለ ቀይ ክብ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቀይ ላይሆን ይችላል። ጠቆር ይላል፣ ወይን ጠጅ ይመስላል፣ የበለዘ ይመስላል። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ጥቁር ታማሚዎች ላይ በሽታው የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ መገጣጠሚያ ከታመመ በኋላ ነው። ስለዚህ በእኛ ቆዳ ላይ የምንጠይቀው “ቀይ ነው ወይ?” ሳይሆን “እየሰፋ ነው ወይ?” የሚል መሆን አለበት። በእስክሪብቶ ዙሪያውን ማስመርና በየቀኑ ፎቶ ማንሳት ለሐኪሙ ብዙ ይረዳል።

በጊዜ ያልታከመ የላይም በሽታ የፊትን አንድ ጎን ሊያጣምም፣ የልብ ምት ሊያዛባ፣ ጉልበትን ሊያሳብጥ ይችላል። ሌላም ማወቅ ያለብን ነገር አለ። የደም ምርመራው የሚፈልገው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነታችን ጀርሙን ለመዋጋት የሚሠራውን ነገር ነው፤ ይህን ለመሥራት ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ቶሎ የተደረገ ምርመራ “የለም” ቢልም በሽታው ሊኖር ይችላል።

ክትፎ የሚከለክል መዥገር

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ሌላ መዥገር አለ፤ ሎን ስታር ይባላል፣ “ብቸኛ ኮከብ” እንደማለት ነው። ሴቷ ጀርባዋ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ አላት። ይህ መዥገር አልፋ-ጋል ለሚባል የስኳር ዓይነት አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። ይህ ስኳር በበሬ፣ በበግና በፍየል ሥጋ ውስጥ አለ። አለርጂው የያዘው ሰው ሥጋ በልቶ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሰውነቱ ያብጣል፣ ያሳክከዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ አንዳንዴም ትንፋሽ ያጥረዋል። እራት የበላው ክትፎ ከእንቅልፉ ሲያስነሳው ምክንያቱን ማን ይጠረጥራል?

አለርጂውን ለዓለም ያሳወቁት በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ዶክተር ቶማስ ፕላትስ-ሚልስና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ዶክተሩ ራሳቸው በእግር ጉዞ ላይ በመዥገር ከተነከሱ በኋላ የበግ ሥጋ በልተው ሰውነታቸው ተቆጥቷል። በሲዲሲ ዘገባ መሠረት ከ2010 እስከ 2022 በአሜሪካ ከ110,000 በላይ በዚህ የተጠረጠሩ ሰዎች ተገኝተዋል። ዶሮና ዓሣ ይህ ስኳር የላቸውም። ዶሮ ወጥ ራሱ ግን በቅቤ ይሠራል፤ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ቅቤና ወተትም አይስማማውም። ለሐበሻ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሌሎች አገሮች ለምትኖሩ

በአውሮፓ ያለው መዥገር የላይም በሽታን ብቻ ሳይሆን አንጎልን የሚያሳብጥ ቫይረስም ያስተላልፋል። ቫይረሱ ንክሻው እንደተጀመረ ሊገባ ይችላል፤ የሚገድለው መድኃኒትም የለም። ክትባት ግን አለ። ኦስትሪያ በ1981 ሕዝቡን በስፋት መከተብ ጀመረች። በደቡብ ጀርመን፣ በስዊዘርላንድ፣ በቼክ ወይም በስዊድን ስቶክሆልም አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ሐኪማችሁን ስለ ክትባቱ ጠይቁ። ቫይረሱ ባልፈላ የፍየል ወተትም ይተላለፋል። ክትባቱ ላይምን እንደማይከላከል አትርሱ።

በእስራኤል በዋሻዎች ውስጥ የሚኖር መዥገር አለ። ሌሊት ነክሶ ቶሎ ይሄዳል፤ እየሄደ የሚመለስ ትኩሳት ያመጣል። አያቶቻችን “ትኩሳት ግርሻ” የሚሉትን በኢትዮጵያ የሚያስተላልፈው ቅማል ነው፤ የዋሻው መዥገር ጀርም፣ የግርሻው ጀርምና የላይም ጀርም ግን ዘመዳሞች ናቸው።

በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኦማንና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ከብት፣ በግ ወይም ግመል የምትነኩ ደግሞ የክራይሚያ ኮንጎ ትኩሳትን እወቁ። ደም የሚያስፈስስ ከባድ በሽታ ነው። በመዥገር ንክሻም፣ በሚታረድ እንስሳ ደምም ይተላለፋል። መዥገር በባዶ እጅ አትጨፍልቁ፤ በእርድ ጊዜ ጓንት አድርጉ።

ምን እናድርግ?

*ከመውጣታችሁ በፊት።* ረጅም ሱሪ ልበሱና ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱት። ነጣ ያለ ልብስ መዥገሩን ያሳያል። ዲት ወይም ፒካሪዲን ያለበት መድኃኒት ቆዳችሁ ላይ ተቀቡ። ፐርሜትሪን የሚባለው ግን የሚረጨው ጫማና ልብስ ላይ ነው፤ ቆዳ ላይ አይደለም። እርጥብ ሳለ ድመት እንዳትነካው፤ ለድመት መርዝ ነው። በመንገዱ መሀል ሂዱ እንጂ ጠርዙን አትታከኩ።

*ስትመለሱ።* ልብሳችሁን ሳታጥቡ በፊት ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ አድርጉት። መዥገር ከውኃ ይልቅ ደረቅ ሙቀት ይገድለዋል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ገላችሁን ታጠቡ። ከዚያ ፈትሹ፦ ብብት፣ ጆሮና የጆሮ ኋላ፣ እምብርት፣ ወገብ፣ በእግሮች መካከል፣ ከጉልበት ኋላ። የእኛ ፀጉር ወፍራም ስለሆነ በዓይን ብቻ አይበቃም፤ በጣት ጫፍ ዳስሱ። ሹሩባ ከሆነ በየመስመሩ ተመልከቱ። ውሻ ካላችሁ እሱንም ፈትሹ።

*መዥገር ካገኛችሁ።* ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ያዙ። ወረንጦ ድሮ እሾህ የሚነቀልበት መሣሪያ ነው፤ ዛሬ ቅንድብ የሚነቀልበትም ያው ነው። በተቻለ መጠን ወደ ቆዳው ተጠግታችሁ ያዙትና ሳታጣምሙ ቀጥ አድርጋችሁ በዝግታ ወደ ላይ ሳቡ። ቫዝሊን መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል፣ የጥፍር ቀለም ማፍሰስ አይጠቅምም። ቦታውን በሳሙናና በውኃ ወይም በአልኮል አጽዱ። መዥገሩን ፎቶ አንሱት፣ ቀኑን ጻፉ። ላይም በሚበዛበት አካባቢ ከሆናችሁና መዥገሩ ከአንድ ቀን በላይ ቆይቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በ72 ሰዓት ውስጥ ለሐኪም ደውሉ። አንዳንዴ አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት በሽታውን ሊከላከል ይችላል።

*በጓሮ።* ቅጠል ጥረጉ፣ ሣር እጨዱ። በጫካውና በሣሩ መካከል አንድ ሜትር ስፋት ያለው የጠጠር ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ መስመር አድርጉ።

የእናንተ ድርሻ

እዚህ ተወልዳችሁ አማርኛ የምትማሩ ወጣቶች፣ ብዙ ጊዜ “አማርኛ ምን ይጠቅመናል?” ትላላችሁ። የእህቴ ልጅ አማርኛዋ ገና ነው፤ ግስ ታምታታለች፣ “ጨ”ና “ጠ” ይቸግሯታል። ሆኖም በቤቱ ውስጥ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ የያዘችው እሷ ብቻ ነበረች። እናቴ መዥገርን ታውቃለች፣ የላይም በሽታን አታውቅም። ሐኪሙ የላይም በሽታን ያውቃል፣ መዥገር የሚለውን ቃል አያውቅም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ወላጆቻችሁን ወይም አያቶቻችሁን “መዥገር ታውቃላችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት ስለ አንድ ላም ወይም ስለ አንድ በሬ ረጅም ታሪክ ይነግሯችኋል። እስከ መጨረሻው አድምጧቸው። ሲጨርሱ እዚህ አገር መዥገር ሰውንም እንደሚያሳምም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተነቀለ ግን አደጋው ትንሽ እንደሆነ ንገሯቸው። ሐኪም ቤት አብራችኋቸው ስትሄዱም አስተርጓሚው “ተባይ” ካለ፣ “መዥገር ነው” በሉት።